በሩን የዘጋው አዛዥ

የነስሮ ልቦለድ ከታተመ ጥቂት ወራት እንዳለፉ፣ ሐረር ፈረስ መጋላ አጠገብ ከአንድ ጭማቂ ቤት ፎቅ ላይ የሚሰበሰብ የንባብ ማኅበር ሊወያይበት ፈልጎ ደራሲውን ጋበዘው። ነስሮ ሐረር ውስጥ ፊዚክስ የሚያስተምር፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው መምህር ነው። ተወልዶ ያደገው ግን ከከተማው ወጣ ባለችው ሶፊ፣ ጫትና ማሽላ ከሚያለማ ገበሬ ቤት ነው። መጽሐፉ «የጨለማው ባሕር መንገደኞች» ይባላል። «ዘይቱን» የምትባል ትልቅ መርከብ በከዋክብት መካከል ለብዙ ትውልድ ስትጓዝ፣ በውስጧ የሚወለዱትንና የሚሞቱትን ሰዎች የሚተርክ ነው። ጦርነት አለበት፤ ውሃ የሚያናግሩና ከኮከብ ጋር ቃል የሚለዋወጡ ሰዎችም አሉበት። አንባቢው ግን የሚያወራው ስለ ጦርነቱ አልነበረም፤ ስለ ሰዎቹ ነበር።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ሜሮን የምትባል ፋርማሲስት ናት። ውይይቱን የከፈተችው ለአቶ ሽመልስ ዕድል በመስጠት ነው። አቶ ሽመልስ ከባንክ በጡረታ የወጡ፣ መጽሐፍ ሲያነቡ በእርሳስ የሚያሰምሩ ሰው ናቸው።

«እኔ እንግዲህ የኮከብና የመርከብ ነገር አይሆንልኝም» አሉ። «መጀመሪያውን እየተገፋሁ ነው ያነበብኩት። አዛዡ ቃድር ከገባ በኋላ ግን ማቆም አልቻልኩም። እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ። እናንተም ታውቃላችሁ።»

ቃድር የመርከቧ አዛዥ ነው። ልጁ ራሚ የኮከቦችን ቋንቋ ለመማር ብሎ፣ አባቱ የከለከለው ዓለም ላይ ይወርዳል። ተምሮ ሲመለስ የመርከቧን በር ያንኳኳል። ቃድር ከበሩ በስተጀርባ፣ እጁን መዝጊያው ላይ አድርጎ ቆሞ ይሰማዋል፤ አይከፍትም። መርከቧ ልጁን ትታ ትሄዳለች። ቃድርም ወደ ክፍሉ ገብቶ ራቱን በልቶ ይተኛል።

የሕግ ተማሪዋ ዘምዘም በዚህ ቦታ አልተስማማችም። «ሌሎቹን ሰዎች ደራሲው ይወዳቸዋል» አለች። «ሌባዋን እንኳ ይወዳታል። ቃድርን ግን ጠልቶታል። ልጁን ውጭ ትቶ ራቱን በልቶ ተኛ የሚለውን አላመንኩትም።»

«ጥላቻው ነው ያሳመረው» አሉ አቶ ሽመልስ።

«እሱን እኮ ነው የምለው። ያምራል፤ እውነት ግን አይደለም።»

ክርክሩ በዚህ ዙሪያ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ሜሮን ወደ ነስሮ ዞራ ቃድርን ከማን እንደቀዳው ጠየቀችው። ነስሮ ከማንም እንዳልሆነ፣ ሲጽፍ እንዲሁ እንደመጣለት ተናገረ። ይህ እውነት አልነበረም።

ነስሮ አሥረኛ ክፍል ሲጨርስ አባቱ ዓብዱላሂ ትምህርቱን ትቶ እርሻው ላይ እንዲያግዛቸው ነገሩት። እሱ ግን ወደ ሐረር ወጥቶ ትምህርቱን ቀጠለ። ለዕረፍት ወደ ሶፊ ሲመለስ የግቢው በር ተቀርቅሮ አገኘው። አንኳኳ፣ ተጣራ፣ መልስ የለም። አባቱ በሩ አጠገብ እንደቆሙ ግን ከሳላቸው ያውቅ ነበር። ቀኑ ሲመሽ ተመልሶ ሐረር ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያስጠጉት፣ ልብስና ደብተር እየገዙ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ ያሳደጉት ሸዋ በር እህል የሚነግዱት አጎቱ አብዱልፈታ ናቸው፤ የአባቱ ታናሽ ወንድም። ኋላ ሽማግሌ ገብቶ ነስሮና አባቱ ታረቁ። በበዓል ይሄዳል፣ ይጠያየቃሉ። ያንን ቀን ግን አንዳቸውም አንስተውት አያውቁም።

ውይይቱ በተደረገ በማግስቱ እህቱ ሀቢባ ከሶፊ ደወለች። ሀቢባ እዚያው አጸደ ሕፃናት ታስተምራለች፤ የምትኖረውም ከአባታቸው ጋር ነው።

«አባ መጽሐፍህን ጨረሱት» አለችው።

አባታቸው ፊደል አልቆጠሩም። በአማርኛም ገበያ ውስጥ ለመግባባት ያህል ነው የሚናገሩት። መስጊድ ውስጥ ሰዎች ልጅህ መጽሐፍ አሳተመ እያሉ ሲያወድሱላቸው ጊዜ፣ ሀቢባን አንብቢልኝ አሏት። ከዙሁር ሶላት በኋላ ጫታቸውን ይዘው ሲቀመጡ እሷ መጽሐፉን እያየች በኦሮምኛ ትነግራቸዋለች። እንደዚህ እያሉ ቀስ በቀስ ጨረሱት።

ነስሮ ጠየቃት። «በሩን የዘጋበት ቦታ ስትደርሺ ምን አሉ?»

«ምንም። መጽሐፉ ካለቀ በኋላ ነው የተናገሩት። ቅዳሜ ይምጣ አሉ።»

የቀረውን ሳምንት ክፍል ውስጥ እየገባ አስተማረ፤ ምን እንዳስተማረ ግን በደንብ አያስታውስም። አባቱ የሚሉትንና እሱ የሚመልሰውን በሐሳቡ ሲያዘጋጅ ሰነበተ። ይቅርታ መጠየቅ አልፈለገም። ልብ ወለድ ነው ብሎ መካድም አልፈለገም። ቅዳሜ ሶፊ ሲደርስ ገና አልወሰነም ነበር።

አባቱ መደቡ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ስለ ዝናቡና ስለ ጫቱ ተነጋገሩ። ሀቢባ ሻይ አቅርባ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ አባቱ መጽሐፉን ከአጠገባቸው አንስተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«ሰማሁት» አሉ። «ሰዎችህ ወሬ ያበዛሉ። ያን ሁሉ ዘመን ሲጓዙ የሚበሉትን ማን እንደሚያበቅል አልነገርከንም። መሬት የለ፣ በሬ የለ።»

«አንድ ቦታ ላይ ጽፌዋለሁ» አለ ነስሮ።

«አልሰማሁም። የውሃ ጠባቂው ግን፣ ሸምሲ፣ እሱ ጥሩ ሰው ነው። ሁሉም ሲጠላው፣ ስስታም ሲሉት፣ ያቺን የመጨረሻ ውሃ ሳያስነካ መቆየቱ። ኋላ ልጆቹ የዳኑት በእሷ ነው።» መጽሐፉን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «እኔን እንደጻፍከኝ አውቄያለሁ።»

ነስሮ ሸምሲን ሲጽፍ ማንንም አላሰበም።

«አንድ ነገር ግን አበላሽተሃል» ሲሉ አባቱ ቀጠሉ። «አብዱልፈታን እንደዚያ አድርገህ መጻፍ አልነበረብህም።»

«አጎቴን?»

«ታዲያ ሌላ አጎት አለህ? ያ አዛዥ የልጁ አጎት አይደለም? አባቱ የሞተበትን ልጅ ያሳድገውና በር ይዘጋበታል። አብዱልፈታ አንድ ቀን እንኳ በር ዘግቶብህ ያውቃል? እኔ በልቤ ቅሬታ ነበረኝ፤ ልጄን ወሰደብኝ እል ነበር። ያ የእኔና የእሱ ጉዳይ ነው። አንተ ግን የበላህበትን ቤት እንዲህ አትጽፍም። ነገ አብረን እንሄዳለን፤ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ትለዋለህ።»

ነስሮ ወደ ሀቢባ ተመለከተ። ሀቢባ የሻይ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች ነበር።

ወደ ጓሮ ተከትሏት ወጣ። «ምን አድርገሽ ነው ያነበብሽው?»

«መጀመሪያ ብቻዬን አንብቤው ነበር» አለች። «ምን እንደሚመጣ አውቅ ነበር። አንብቢልኝ ሲሉኝ እምቢ ብል ለምን ይላሉ። አባቱ የሚለውን ሁሉ አጎቱ አልኩ። የራሚ አባት ድሮ ሞቷል አልኩ። ሌላውን እንዳለ ነው የነገርኳቸው።»

«አጎቴ ትዝ አላሉሽም?»

«አላሉኝም። አባን ብቻ ነበር የማየው።» ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። «አሁን ገብቼ እውነቱን ልንገራቸው?»

ነስሮ አሰበበት። አባቱ ከውስጥ ለአንድ ጎረቤት መጽሐፉን እያሳዩ ሲናገሩ ይሰማል፤ ስለ ውሃ ጠባቂው ነበር የሚያወሩት።

«ተይው» አላት።

በማግስቱ አባትና ልጅ በሚኒባስ ሐረር መጥተው ሸዋ በር ወረዱ። እሑድ ስለነበር ገበያው ገና አልደመቀም። አብዱልፈታ ወንድማቸውን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ዓብዱላሂ ወደዚህ ሱቅ ከመጡ ዓመታት አልፈዋል። አብዱልፈታ የእህሉን ሱቅ ለሠራተኛ ትተው እንግዶቻቸውን ከኋላ ወዳለው ክፍል አስገቧቸው። ከቡና ቅጠል የተፈላ ቁጢ በወተት መጣላቸው።

ስለ ቤተሰብ ጤና መጠያየቁ ሲያልቅ ዓብዱላሂ ለልጃቸው በዓይናቸው ምልክት ሰጡት።

«አጎቴ» አለ ነስሮ፣ «አፉ ይበሉኝ።»

«ምን አድርገህ?»

የነስሮ አባት ቀድመው መለሱ። «በመጽሐፉ ውስጥ አጎት ልጅ ላይ በር ሲዘጋ ጽፏል። ሰው አንተን ይመስለዋል። ሳትሰማው ይዤው መጣሁ።»

አብዱልፈታ ፊደል ያውቃሉ። ንግዳቸውም ንባባቸውም በአማርኛ ነው። ወንድማቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቷቸው፤ ቀጥሎ ነስሮን፤ ከዚያ እንደገና ወንድማቸውን። ቁጢያቸውን አንስተው ፉት አሉ።

«ሰምቼዋለሁ» አሉ። «እንዲያውም አንብቤዋለሁ።»

«አንብበህ ዝም አልክ? አልተቀየምክም?»

«ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር።» ብርጭቆውን አስቀመጡ። «አሁን ግን እዚህ ድረስ መጣችሁ። አፉ ብያለሁ። አላህም አፉ ይበለን።»

«አሚን» አሉ ዓብዱላሂ። ከላያቸው ላይ ሸክም የወረደ ይመስል ትከሻቸው ዘና አለ። ከዚያ አዛን ሲሰማ ለሶላት ወደ መስጊድ ወጡ። አብዱልፈታ ሱቁን አስዘግቼ እከተልሃለሁ ብለው ከነስሮ ጋር ቀሩ።

«ማን ነው ያነበበለት?» ብለው ጠየቁ።

«ሀቢባ።»

«ብልህ ልጅ ናት።»

«አጎቴ፣ እርስዎን ማለቴ እንዳልሆነ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ እንጂ። ያን ቀን አቧራ ለብሰህ የመጣኸው እዚህ አይደል? ማን እንደዘጋው አውቃለሁ።» ከኪሳቸው ቁልፍ አወጡ። «እኔ የፈለግኩት ራሴን ነበር። አንደኛ ጊዜ አነበብኩት፤ አጣሁ። ሳላስተውል አልፌው ይሆናል ብዬ ደግሜ አነበብኩት። ውሃ ጠባቂ አለ፣ ሌባ አለች፣ ከኮከብ ጋር የሚያወራ ሽማግሌ አለ። አጎት የለም። መርከቧ ውስጥ ቦታ አልተገኘልኝም። ዛሬ በሀቢባ በኩል ገባሁ።»

ይህን ሲሉ ፈገግ ብለው ነበር። ነስሮ ግን አፈረ። ለአባቱ ያዘጋጀው መልስ ሁሉ እዚህ አይጠቅምም።

«ስለ እርስዎ ለመጻፍ ሞክሬ ነበር» አለ ቆይቶ። «አልሆነልኝም። እርስዎ ጋ በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ስገባም ስወጣም ምንም አልተፈጠረም። ምን ብዬ ልጻፈው?»

አብዱልፈታ ጥቂት አሰቡ። «እሱም ልክ ነው» አሉና ሱቁን ሊያስዘጉ ወጡ።

ምሳ ሦስቱ አብረው በሉ። ሁለቱ ወንድማማቾች የማሽላ ዋጋን፣ የሞቱ ዘመዶችን፣ በልጅነታቸው የወደቁበትን ጉድጓድ እያነሡ ተጫወቱ። ከሰዓት በኋላ ነስሮ አባቱን ሊያሳፍር ወደ ሚኒባሶቹ ወሰዳቸው። መኪናው እስኪሞላ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ያ አዛዥ» አሉ አባቱ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ።

«አቤት።»

«በሩን ዘግቶ ራቱን በልቶ ተኛ ብለሃል።»

«አዎ።»

«አይተኛም። ሰው ያንን አድርጎ አይተኛም። ራትም አይበላም። አንተ አልወለድክም፤ ስለዚህ አታውቅም፤ አልፈርድብህም።»

ነስሮ ሊጠይቃቸው ወደ እሳቸው ዞረ። አባቱ ፊታቸውን ከመስኮቱ አልመለሱም።

«ታዲያ ምን ያደርጋል?» አለ።

«ይቀመጣል። በሩ ሥር ይቀመጣል። ሲነጋ ከፍቶ ያያል። ሰው የለም።» ረዳቱ ሒሳብ ሊቀበል መጣና ዓብዱላሂ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ከፈሉ። «ድጋሚ የምታሳትም ከሆነ አስተካክለው። ለአብዱልፈታ ብዬ ነው።»

«እሺ አባ» አለ ነስሮ። ረዳቱ ተሳፋሪ ያልሆነ ይውረድ ሲል ወረደ፤ መኪናውም ሄደ።

መጽሐፉ በዓመቱ እንደገና ሲታተም ነስሮ ራቱን የሚበላበትን አንቀጽ አውጥቶ በምትኩ ሌላ ገጽ አስገባ። አዛዡ በሩ ሥር ይቀመጣል፤ የመርከቧ መብራቶች ለንጋት ሲበሩ ተነሥቶ ይከፍታል፤ ደጁ ባዶ ነው። አንባቢዎች በዚህ ተከፋፈሉ። ዘምዘም በቴሌግራም አሁን አመንኩት ብላ ጻፈችለት። አቶ ሽመልስ ደግሞ ስልክ ደውለው ጥሩ ክፉ ሰው ነበር፣ አለዘብከው፣ የፊተኛው ይሻል ነበር አሉት። ነስሮ አስተያየታቸውን አመስግኖ ተቀበለ፤ ገጹን ግን አላወጣውም።

አሁን ሁለተኛውን መጽሐፍ እየጻፈ ነው። እዚህኛው ውስጥ በአንድ የኮከብ ወደብ ላይ መጋዘን ያለው፣ ከመርከብ ተጥሎ የመጣውን ሁሉ የሚያስገባ ሰው አለ። ምዕራፉ አስቸግሮታል፤ ሰውየው በር ከመክፈትና ምግብ ከማቅረብ በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። ጽፎ ይሰርዛል፣ እንደገና ይጽፋል። አጎቱ አልፎ አልፎ ሲደውሉ የት እንደደረሰ አይጠይቁትም። የሚጠይቁት በልተሃል ወይ ብለው ነው።