ገንዳው ሳይሞላ የተዘፈነው

ዐብዲሰላምን አሁንም እወደዋለሁ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ስበሳጭ ሰምታችሁ ጠላቱ እንዳልመስላችሁ። ጅግጅጋ ከገባሁ ጀምሮ ጎረቤቴ ነው። እኔ የውሃ ቦቴ ሾፌር ነኝ፣ እሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ። ጠዋት የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ ፋይል ሲያገላብጥ ይውላል፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ሰርግ ካለበት ቤት አይጠፋም። ይዘፍናል። ሳንቲም ተቀብሎ አያውቅም። "ኃይሌ፣ እኔ እኮ ዘፋኝ አይደለሁም፤ ደስ ስለሚለኝ ነው" ይለኛል። ኧረ እባክህ! ዘፋኝ ለመባል እንደሚሞት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ድምፁን ግን ማን ይክደዋል? እኔ የሸዋ ልጅ ነኝ፤ ሶማሊኛን የለመድኩት መንገድ ላይ፣ ጎማ እየቀየርኩ ነው። ግጥሙ ግማሹ ያመልጠኛል። እሱ ሲዘፍን ግን ገብቶኝም ሳይገባኝም ሆዴ ይባባል። ከሁሉ የሚያምርበት ደግሞ የአባቱ ዘፈን ነበር፣ ግመል ውሃ ሲያጠጡ የሚዘፍኑት። ቃሉ ትንሽ ነው። በአማርኛ ላምጣው ብል፣ "ደርሷል፣ ደርሷል፤ ያንቺ ነው፣ ማንም አይሻማሽ፤ ቀስ ብለሽ ነይ" እንደማለት ነው። ዜማው ረጋ ይላል፣ ይመላለሳል። የየቤቱ ዜማ ለየብቻ ነው አሉ፤ የአንዱ ቤት ግመል በሌላው ቤት ዜማ ንቅንቅ አይልም።

አባቱን አዴር ዴቅ እላቸዋለሁ። አዴር አጎት እንደማለት ነው፤ እዚህ አገር ትልቅ ሰው የሚጠራው እንዲያ ነው። የሚኖሩት ጉናጋዶ ወረዳ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከሴት ልጃቸው ከናስትሆ ጋር ነበር። የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙበት ቢርካ አላቸው፣ በሲሚንቶ የተሠራ ጉድጓድ። አጠገቡ ረጅም ገንዳ አለ። ዝናብ ሲጠፋ እኔ በቦቴ አደርስላቸዋለሁ፤ እሳቸው ገንዳው ራስ ላይ ቆመው ይዘፍናሉ፤ ግመሎቹ ከቁጥቋጦው ውስጥ አንገታቸውን እያስቀደሙ ብቅ ብቅ ይላሉ። ያን ማየት እንዴት ደስ እንደሚል! ለስንት ሰው አውርቼዋለሁ መሰላችሁ።

አንድ ቀን፣ ገና የጎማውን ቧንቧ እየዘረጋሁ፣ ቀልዴን ነው፣ "አዴር፣ ይዝፈኑ እንጂ! ውሃው ይኸው መኪናው ላይ ነው" አልኳቸው። አልሳቁም።

"መኪናው ላይ ያለው ውሃ ያንተ ነው" አሉኝ። "ገንዳው ውስጥ ሲገባ የነሱ ይሆናል። ያኔ እጠራቸዋለሁ።"

እንዲህ ነበሩ። ውሃው ገንዳው ውስጥ ተኝቶ ሳይታያቸው አፋቸውን አይከፍቱም። ዘመናቸውን ሙሉ ለአንድ ቀን እንኳ ያለ ውሃ ጠርተዋቸው አያውቁም።

ኋላ ጉሮሯቸውን ታመሙ። ጅግጅጋ ሐኪም ቤት ተመላለሱ፤ ነፍሳቸው ተረፈች፣ ድምፃቸው ግን ሄደ። የቀራቸው ሹክሹክታ ብቻ ነበር፣ ያውም ጆሮ አስጠግተው ካልሰሙት የማይያዝ። በዚያ ላይ የሁለት ሺህ አሥራ አራቱ ድርቅ መጣ። ያን ዓመት አታስታውሱኝ። በየመንገዱ ዳር የወደቀው ከብት ብዛት፣ መስኮት ዘግቼ ነበር የምነዳው።

ናስትሆ ለወንድሟ ስልክ የደወለችው በዚያ ሰሞን ነው። ቢርካው ደርቋል። የቀጠሩት እረኛ ትቷቸው ሄዷል። ግመሎቹ ቅጠል ፍለጋ ጫካው ውስጥ ተበታትነዋል፤ ፈልጎ ነድቶ የሚያመጣቸው ሰው የለም፤ ውሃ ከጠጡም ሰንብተዋል። ያለ እነዚያ ግመሎች ደግሞ ያ ቤት ምንም የለውም። ናስትሆ ዜማውን ጠንቅቃ ታውቀዋለች፤ ነገር ግን የግመል ዘፈን የወንድ ነው፣ የሴት ድምፅ አልለመዱም። እስቲ አሁን ከልጅነቷ ጀምሮ ብታለማምዳቸው ምን ነበረበት? ደጋግሜ አስበዋለሁ። ብቻ አባትየው በእሷ አፍ እንዲህ ብለው ላኩበት፦ "የኔ ድምፅ ያለው አንተ ጋ ነው። መጥተህ ጥራልኝ።"

ዐብዲሰላም ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እውነቱን ነው፣ አላስመሰለም። እኔም ያን ሳምንት ወደዚያው ውሃ የማመላልስ ስለነበርኩ፣ "አንተ ቀድመህ ሂድ፣ እኔ በማግሥቱ ረፋድ ላይ እደርሳለሁ" አልኩት። ተስማማን። ያልነገረኝ ነገር ግን ነበር። ብቻውን አልሄደም። አንድ ሰርግ ላይ ሲዘፍን የሰሙት የቪዲዮ ቀራጮች ነበሩ፤ የድሮ የእረኛ ዘፈን ለቴሌቪዥን እናዘጋጃለን ያሉት። እነሱን ይዞ ሄደ። ለኔ ትንፍሽ አላለም። ቢነግረኝ ኖሮ አንድ ሁለት ቃል እናገረው ነበር።

በማግሥቱ እኔ ደገሃቡርን አለፍኩ፣ አስፋልቱን ለቅቄ ኮረኮንቹ ላይ ገባሁ፣ የኋላ ጎማዬ ፈነዳ። ትርፍ ጎማዬን ቀየርኩ። ብዙ ሳልርቅ እሱም ፈነዳ። መንገዱ መሃል ቆሜ ሰማይና ምድሩን ተሳደብኩ፤ ምን ዋጋ አለው! ኔትወርክ ፍለጋ አንድ ጉብታ ላይ ወጥቼ ደወልኩለት።

"ዐብዲሰላም፣ ዛሬ መድረሴን እንጃ። ጎማ ከደገሃቡር እስኪያመጡልኝ እዚሁ ነኝ። እንዳትጠብቀኝ።"

"ችግር የለም ኃይሌ፣ ችግር የለም" አለኝ። ጥድፊያ ላይ ነበር። ከኋላው የማላውቀው ሰው ድምፅ ይሰማኛል። እሺ ብዬ ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን የነገረችኝ ናስትሆ ናት። ቀራጮቹ ከሰዓት በፊት ወደ ጅግጅጋ መመለስ ነበረባቸው። አለቃቸው፣ "ውሃው ቢቀርም ግድ የለም፣ ግመሎቹ ዘፈኑን ሰምተው ሲመጡ ብቻ እንቅረጽ። ሌላ ቀን እዚህ ድረስ አንመለስም" አለው። ዐብዲሰላም የአባቱን ሽርጥ ለብሶ ገንዳው ራስ ላይ ቆሟል። ወደ አባቱ ዞረ።

አዴር ዴቅ ክንዱን ያዙት። "ውሃው የት አለ?"

"መንገድ ላይ ነው አባቴ። ኃይሌ እየመጣ ነው።"

"ከመጣ በኋላ ዝፈን።"

"አንድ ጊዜ ብቻ ነው አባቴ። ይቆያሉ፣ እስኪመጣ እዚሁ ይጠብቁታል።"

እኔ አልደርስም ብዬዋለሁ እኮ! በጆሮው ሰምቶኛል! አሁንም ሳስበው እንደ እሳት ያንገበግበኛል። ሽማግሌው ሌላ የሚናገሩበት ድምፅ ስላልነበራቸው እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን አፍ ከደኑ። ዐብዲሰላምም እጃቸውን ያዘ፣ በአክብሮት ሳመው፣ ዝቅ አደረገው። ከዚያ ዘፈነ።

ናስትሆ ስትነግረኝ ፊቷን አዙራ ነበር። "ኃይሌ፣ እንደዚያን ቀን ዘፍኖ አያውቅም" አለችኝ። "ዓይኔን ብጨፍን አባቴ በደህናው ዘመን የሚዘፍን ነው የሚመስለኝ። ወላሂ እኔም ውሃ ያለ መስሎኝ ነበር።"

መጡ። እንዴት አይመጡ? ከወዲያ ከወዲህ፣ አጥንታቸው የተቆጠረ፣ መሮጥ ቀርቶ መራመድ ያቃታቸው ሁሉ እየሮጡ መጡ። ነጯ፣ ዓዴይ የሚሏት የመንጋው መሪ፣ ከፊት ነበረች። ቀራጮቹ በደስታ የሚያደርጉት ጠፋቸው። ግመሎቹ ገንዳው ጋ ደረሱ፣ አንገታቸውን አስገቡ፣ ሲሚንቶውን ላሱ። ላሱ፣ ቀና ብለው ዐብዲሰላምን አዩት፣ ደግሞ ላሱ። ቀራጮቹ ዕቃቸውን ጭነው፣ ማሻአላህ ብለው፣ እጁን ጨብጠው ሄዱ።

ግመሎቹ ግን ቆሙ። በዚያ ፀሐይ፣ ጥላ በሌለበት፣ እንደተጠሩ ቆመው ዋሉ። ዐብዲሰላም አንገታቸውን እያሻሸ፣ "ትንሽ ታገሱ፣ ትንሽ" ይላቸዋል። ስልኬ ላይ ይደውላል፣ እኔ ከጉብታው ወርጃለሁ፣ ኔትወርክ የለም። አባትየው ጎጆ ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዓዴይ መጀመሪያ ዞራ ሄደች። ሌሎቹም ተከተሏት።

እኔ የደረስኩት በነጋታው ጠዋት ነው። ደስ ብሎኝ ጥሩንባ እየነፋሁ ነበር የገባሁት፣ የሆነውን የት አውቄ። የዐብዲሰላምን ፊት ሳይ ነገር እንዳለ ገባኝ። ቧንቧውን ዘረጋሁ፤ ገንዳው ጢም ብሎ ሞላ፣ እስኪፈስ ድረስ። አዴር ዴቅ ወጥተው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩና ለልጃቸው ራሳቸውን ነቀነቁለት። አሁን ዝፈን ማለታቸው ነው።

ዘፈነ። ደርሷል፣ ደርሷል፤ ያንቺ ነው። ጫካው ጭጭ አለ። ደግሞ ዘፈነ። ወዲያ ዞሮ፣ ወዲህ ዞሮ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ዘፈነ። ረፋዱ አልፎ እኩለ ቀን ሆነ። ድምፁ መሰንጠቅ ጀመረ፤ እሱ ግን አላቆመም። ግመል ውሃ ከሩቅ ያሸታል ይላሉ፤ ነፋሱ ግን ከእነሱ ወደ እኛ ነበር የሚነፍሰው። ዕድላችን ሁሉ እንዲያ ነበር።

ከዚያ ናስትሆ ጮኸች። ዓዴይ ከቁጥቋጦው ጠርዝ ላይ ቆማለች። ከሩቅ ነጭ ሆና ትታያለች። ጆሮዋን አቅንታ ታዳምጣለች። ዐብዲሰላም የቀረውን ድምፅ ሁሉ አወጣ፤ ለቅሶ ይሁን ዘፈን አልለየሁትም። ግመሊቱ አየችው፤ ሰማችው፤ ከዚያ ዞራ ወደ ጫካው ገባች። ናስትሆ ጀሪካን ይዛ በሩጫ ተከተለቻት። በቀረበቻት ቁጥር ግመሊቱ ራቀቻት።

ዐብዲሰላም መሬት ላይ ቁጭ አለ። አባቱ አጠገቡ መጥተው ጎንበስ አሉ፣ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ይረግሙታል ብዬ ፈርቼ ነበር።

"አትፍረድባት" አሉት። "እሷ ትናንት ሰምታሃለች።"

በተከታዮቹ ቀናት ፍለጋ ወጣን። የወደቁትን አገኘን፣ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ። ዓዴይ አንድ የደረቀ ኩሬ አፋፍ ላይ ነበረች። በሕይወት ያገኘናቸው ጥቂቶቹም መራመድ አቅቷቸው፣ ለመሸጥ እንኳ ገበያ የሄዱት በመኪና ተጭነው ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይኸኛው ግን የሚለቀምም አልነበረም።

ቪዲዮው ተላለፈ። ይባስ ብሎ ተወደደ! ስልክ ሁሉ ላይ ገባ። ዐብዲሰላም ገበያ ሲወጣ ወጣቶች ያስቆሙታል፤ አብረው ፎቶ ይነሳሉ፤ ከየሰርጉ ይጠሩታል። የፈለገውን አገኘ እንግዲህ። ከዚያች ቀን ወዲህ ግን አንድ ስንኝ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። "ጉሮሮዬን አሞኛል" ይላቸዋል። ቪዲዮውን ያየ ሰው ግመሎቹ እየሮጡ ሲመጡ ያያል፤ ገንዳው ጋ ሳይደርሱ ይቆረጣል። በጣም ያምራል፤ ማማሩ ነው የሚያናድደኝ።

አዴር ዴቅና ናስትሆ አሁን ጅግጅጋ እሱ ቤት ናቸው። እኔ ከመንገድ ስመለስ የግመል ወተት ገዝቼ ጎራ እላለሁ። ባለፈው ዓርብ ስገባ ሽማግሌው ፍራሽ ላይ ተቀምጠው፣ ዐብዲሰላም አጠገባቸው ስልኩን ይዞላቸው አገኘሁ። በየቀኑ ክፈትልኝ ይሉታል። እምቢ ማለት ደግሞ አይችልም። የራሱ ድምፅ ከስልኩ ይወጣል፤ እሱ ዓይኑን ወደ በሩ አድርጎ ይጠብቃል።

ወተቱን አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ግመሎቹ ከቁጥቋጦው ብቅ ሲሉ አዴር ዴቅ እያንዳንዷን በስሟ ጠሩ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ደስ ብሏቸው ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ፊታቸው በርቶ ነበር። ግመሎቹ መሮጥ ሲጀምሩ ግን ጣታቸውን ዘርግተው የስልኩን መስታወት፣ ነጯ ያለችበት ላይ፣ ነካ ነካ አደረጉ።

"ተመለሺ" አሉ በዚያ በሹክሹክታቸው። "ተመለሺ የኔ እመቤት። ልጄ ነው እንጂ ውሃ አይደለም።"

ዐብዲሰላም ስልኩን እንደያዘ ነበር። ሲያልቅ፣ "ድገምልኝ" አሉት፤ ከመጀመሪያው ከፈተላቸው።