ለእትዬ ስል የታመምኩ ቀን

እትዬ ከዳቦ ቤት ስትመለስ ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ ቆመች። ደረጃው ዐሥራ ስምንት ነው፤ እስከ ትናንት አንድም ቦታ አትቆምም ነበር። ጠዋቱ ይበርዳል፣ ግንባሯ ግን በላብ ርሷል። ግራ እጇን እንደ ሰው ዕቃ በቀኟ ታቅፋ ገባች።

«ምን ሆንሽ?»

«ምን እሆናለሁ? እጄ ዝሎ ነው።»

ሰዓቴን አየሁ፤ አንድ ሰዓት ከሩብ።

ታላቅ እህቴ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ልብስ ሰፊ ነበረች። አንዴ የመኪናው መርፌ ጣቷን በስቶ ሲገባ ነቅላ ጣለችው፤ ከወንበሯ የተነሣችው ቀሚሱን ከጨረሰች በኋላ ነው። ሆስፒታል የምትሄደው እኔን ይዛ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። መሬት ቀያሽ ነበርኩ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምቀይሰው የራሴን የልብ ምት ነው። በዚህ ዓመት ብቻ ድንገተኛ ክፍል ዐሥራ አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። አንድም ቀን ምንም አልተገኘብኝም።

«እንታከም» ብላት መልሷን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ደረቴን ይዤ ወንበር ላይ ተዘረፈጥኩ።

«እትዬ፣ ልቤ!»

«ደግሞ ጀመረህ!» አለች። ሹራቧን ግን ደረበች።

ታክሲው ውስጥ እኔ ቁና ቁና ስተነፍስ እሷ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ቀይ መብራት በያዘን ቁጥር ሰዓቴን አያለሁ።

ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ በሽተኞችን የምትለየው ሲስተር ገና ስታየኝ ሳቀች።

«ደንበኛችን! ጋሼ፣ ዛሬስ የት ነው?»

በዓይኔ ወደ እህቴ ጠቆምኩ።

«አይዞዎት፣ እሳቸውም አብረው ይገባሉ» አለችኝ። የደም ግፊቴን ለካችና አረንጓዴ ካርድ ሰጠችኝ። አረንጓዴ ማለት መጠበቅ የሚችል ማለት ነው።

«አየህ፣ ምንም የለህም። ተነሣ» አለች እትዬ። ራሷ ልትነሣ ሞከረች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ከእኔ በቀር ያየ የለም።

የታመመችው እሷ ናት ብል እልኋ ይነሣና በሩን ትወጣለች፤ መንገድ ላይ ትወድቃለች። ዝም ብል እዚሁ ወንበር ላይ ታልቅብኛለች።

«ሲስተር፣ መሣሪያው ተሳስቷል።»

«ኧረ ጋሼ!»

«በእኛ ሙያ መሣሪያ የሚፈተሸው ልኩ አስቀድሞ በታወቀ ነጥብ ላይ ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ይሞከርልኝ። ይኸው እህቴ፣ ታማ አታውቅም።»

ወረፋ የያዙት ሳቁ። እትዬ በእኔ አፍራ ክንዷን ዘረጋች። «በይ ለኪኝና ይገላግለን። እኔ እንደሆንኩ ድንጋይ ነኝ።»

ጨርቁ ተነፋ፣ ተነፈሰ። ሲስተር ቁጥሩን አይታ መሣሪያውን መታ መታ አደረገችው። ደግማ ለካች። ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። ሁለት ጣቷን የእትዬ የእጅ አንጓ ላይ አድርጋ ዓይኗን የግድግዳው ሰዓት ላይ ተከለች።

«እማማ፣ ደረትዎን ያምዎታል?»

«ትንሽ።»

«የእሷ ትንሽ ሌላውን ሰው ያስጮኸዋል!» አልኩ። «ከአንድ ሰዓት ከሩብ ጀምሮ ነው። ግራ እጇንም።»

እትዬ ዞራ አየችኝ። «አንተ ቀጣፊ!»

ከዚያ ሁሉም ሮጠ። አልጋ እየተገፋ መጣ። ሹራቧን በመቀስ ሲቀዱት፣ «ስፌቱን ተከተሉ እንጂ!» ብላ ተቆጣች፤ ቃሉ ግን መሐል ላይ ተቆረጠ። ደረቷ ላይ ሽቦ ለጠፉ።

«ቤተሰብ ውጭ ይጠብቅ» አለ ሐኪሙ።

ልወጣ ስዞር እጄን ያዘች። ጣቶቿ በረዶ ናቸው። በስልሳ ስምንት ዓመት ዕድሜዬ ዓይኗ ውስጥ ያላየሁትን ነገር አየሁ፤ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

«የትም እንዳትሄድ» አለችኝ።

ሐኪሙ ሁለታችንንም አየ። «ግድግዳውን ተጠግተው ይቁሙ» አለኝ።

ቆምኩ። በሰዎቹ ትከሻ መሐል እንድታየኝ አንገቴን አልደፋሁም።