የጸሎት ሰዓት እንባ

ፀደንያን አልወዳትም። በጌታ እህትሽ ናት ይሉኛል፤ ይበሉ። ባሌ በፈቃዱ ከእኔ በፊት ሽማግሌ የላከው ለእሷ ነበር። እምቢ አለችው፤ እሱ ግን አሁንም ስሟ ሲነሳ ድምፁ ይለሰልሳል።

እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ከአንጎሉ ሥር የዓይኑን ነርቭ የተጫነ ዕጢ ተገኘበት። ሐኪሞቹ ጭንቅላቱን ሳይከፍቱ፣ በአፍንጫው ቀጭን ካሜራና መሣሪያ አስገብተው አወጡለት። የእኔ እንግሊዝኛ ለሐኪም አይበቃም፤ ያስተረጎመችልኝ እዚያው ሆስፒታል ነርስ የሆነችው ፀደንያ ናት። ሲያሰናብቱን እሱ በዊልቸሩ ላይ ያንቀላፋል፣ እሷ ልንጠነቀቅ የሚገባንን ትዘረዝርልኛለች። እኔ የማየው ትከሻው ላይ ያረፈውን እጇን ነበር።

"ሰማሽኝ አይደል?" አለችኝ።

"ሰምቻለሁ።"

አንድም ቃል አልሰማሁም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን ገብተንም አልለቀቀችንም። የጉባኤያችን ሰዎች በየጠዋቱ በስልክ መስመር ተገናኝተው ይጸልያሉ፤ የምትመራው እሷ ናት፣ ከጎረቤት ከተማ ከአሌክሳንድሪያ። በፈቃዱ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ አንገቱን ይደፋል። አንድ ጠዋት ሻይ ይዤ ብገባ ጠረጴዛው ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ሲያየኝ ፊቱን በፎጣ ጠረገ።

"ምን ሆነሃል?"

"ምንም።"

በማግስቱም ያው። እሷ "ወንድማችንን ዳስሰው" ስትል የእኔ ባል ያለቅሳል። እናቱ ሲሞቱ ያላለቀሰ ሰው! ሾርባውን አስቀመጥኩለትና ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ጸሎቱ ሳያልቅ ራሱን ይዞ ቃተተ። ሮጬ ቀና አደረግኩት። ዓይኖቹ ደረቅ ናቸው። ውሃው የሚወርደው ከአፍንጫው ነው፣ ጥርት ያለ ውሃ።

"ፀዲ!" ብዬ ጮህኩ፤ እንዲህ ጠርቻት አላውቅም። "ከአፍንጫው ውሃ ይወርዳል!"

ጸሎቱ ተቋረጠ። "የወይንሐረግ፣ ከቀዶ ጥገናው ቦታ የሚያፈስ የአንጎል ውሃ ነው እኮ! ኢንፌክሽን ከገባ ይገድለዋል። ናይን ዋን ዋን ኮል አድርጊ፣ አሁኑኑ!"

በራሴ ስልክ ደወልኩ። አምቡላንስ መንገድ ላይ ነው አሉኝ።

"መቼ ጀመረው?" አለች።

"ከትናንት ወዲያ።"

"እንደዚህ ካየሽ ወዲያው ደውዪ ብዬሽ አልነበር? ለምን ዝም አላችሁ?"

"ጉንፋን መስሎኝ" አለ በፈቃዱ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

"አንቺስ?"

ሠላሳ ሰው መስመሩ ላይ አለ።

"ለአንቺ የሚያለቅስ መስሎኝ" አልኳት።