ከዓሣ በኋላ ስንዴ

የዱቄት ፋብሪካው በር ላይ የተሰለፉት ሹፌሮች ያን ዕለት ጠዋት ሠርግ የተጠሩ ይመስሉ ነበር። አፍንጫ ጉንፋን ይዞታል።

አፍንጫ የፋብሪካው ተቆጣጣሪ ነው። ስንዴ ሊጭን የሚሄድ ገልባጭ ሁሉ መጀመሪያ ባዶ ካሶኒውን፣ ጭነት የሚይዘውን የኋላ ሳጥኑን፣ ለእሱ ማሳየት አለበት። እሱ ደግሞ ከታች ቆሞ አንገቱን አስግጎ "ሂድ" የሚል ሰው አይደለም። መሰላሉን ወጥቶ ካሶኒው ውስጥ ይገባል፤ ሹፌሩን ይጠራል፤ ሸራውን ከላይ ያስዘጋል። ከዚያ ሁለቱም ጨለማው ውስጥ ቁጭ ይላሉ። ፀሐይ ብረቱን እያጋለችው ስትሄድ ካሶኒው የተሸከመውን ሁሉ አንድ በአንድ ይለፈልፋል፤ ማዳበሪያ፣ ሲሚንቶ፣ ናፍታ፣ ፍግ። አፍንጫ የሆነ ነገር ከሸተተው ይወርዳል፤ ልብሱን ያራግፋል፤ "ቀጣይ!" ይላል። ያ መኪና እስከሚቀጥለው ምርት ድረስ እዚያ በር ላይ ድርሽ አይልም። ምንም ካልሸተተው ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ የጋቢናው በር ላይ ክብ ይስላል። ክቡን ያገኘ ሹፌር የዓመቱ ስንዴ ተጓጉዞ እስኪያልቅ ድረስ ሥራ ፍለጋ ስልክ አይደውልም።

ቀብራራዋ ያንን ክብ ትፈልገዋለች። ስሙን ያወጡላት ሹፌሮቹ ናቸው። የትልልቅ ድርጅት ባለቤቶች ቅጠሩኝ ትለናለች ብለው ሲጠብቋት "መኪና አለኝ፣ ሥራ ካላችሁ እናንተ ጥሩኝ" ብላ ጥላቸው የሄደች ጊዜ ነው ቀብራራዋ የተባለችው። እሷም ስሙን አልጠላችውም። መኪናዋ ጋቢናው ከአንዱ ሞተሩ ከሌላው የተገጣጠመ ቢሆንም የራሷ ነው። ችግሩ፣ የራሱ መኪና ያለው ሰው ሥራውንም ራሱ መፈለግ አለበት። ዛሬ አሸዋ፣ ነገ ጠጠር፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ደላላ ደጅ መጥናት። ከሁሉም ደላላው ነው የሚያንገበግባት።

"ቀብራራ!" አለ ከፊቷ የቆመው መኪና ሹፌር፣ በጋቢናው መስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ። ጥሩምባ ይሉታል፤ ሲያንሾካሹክ እንኳ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። "ሰማሽ? ሰውዬው ተደፍኗል! እንኳን ሌላ ሬሳ ብትጭኚ ያሳልፍሻል!"

"አንተ ምን ጭነህ ነበር?"

"እኔማ ትናንት ጥሬ ቆዳ ነው የጫንኩት። ጨው የተነሰነሰበት፣ ዝንብ ያጀበው። ሌሊቱን ሙሉ ምን ልሁን ስል ነው ያደርኩት። ለካ ከላይ ታስቦልኛል!"

ቀብራራዋ ሳቀች። የእሷም ሐሳብ ከእሱ የተለየ አልነበረም።

ትናንት ጠጠር አራግፋ ባዶዋን ስትመለስ የእህቷ ባል ደወለላት። ዶሮ አርቢ ነው። ባዶ ካሶኒ ይዞ መመለስ ደግሞ ለእሷ ናፍታ መሬት ላይ እንደማፍሰስ ነው።

"እህትዓለም፣ በመንገድሽ ላይ ነው" አላት። "የዶሮ መኖ ናት። የተፈጨ ዓሣ። ደርቆ የተፈጨ ስለሆነ ሽታ የሚባል ነገር የለውም።"

"ዓሣ ነው ሽታ የለውም የምትለኝ?"

"በልጆቼ ሞት! እኔ ቤት ውስጥ አይደል እንዴ የማስቀምጠው?"

ሰውዬው ከዶሮዎቹ ጋር ኖሮ ኖሮ የእህቷንም ሽቶ ማሽተት ካቆመ ቆይቷል። ይህን እያወቀች ጫነችለት። ማታ በሳሙናና በውሃ ካሶኒውን እስክትሰለች አሸችው። ጠዋት ብረቱ ቀዝቃዛ እንደሆነ ገብታ ብታየው ሳሙና ሳሙና ይሸታል። "አለቀ" ብላ መጣች።

አሁን ግን ፀሐይዋ ከፋብሪካው ጣሪያ በላይ ወጥታለች፤ ሰልፉ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ቀብራራዋ ሌላ ሰው እንዲነግራት ቁጭ ብላ የምትጠብቅ ሴት አይደለችም። መሰላሉን ወጥታ ካሶኒው ውስጥ ገባች፤ ሸራውን ጎትታ በላይዋ ላይ ዘጋችውና ጀርባዋን ለጋለው ብረት ሰጥታ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ሳሙናው መጣ። ቀጥሎ እርጥብ ብረት። ከዚያ ዓሣው፣ ልክ በሩን አንኳኩቶ እንደሚገባ እንግዳ፣ ቀስ ብሎ ገባ።

ወጥታ አየር ሳበች። ጥሩምባ እያያት ነበር።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ዓሣ።"

"ታዲያ ምን ይሁን? ሰውዬው አይሸተው! እዚያው ተራሽን ይዘሽ ዝም በይ።"

ነገሩ ልክ ነበር። ሰውዬው አይሸተውም። ስንዴው ግን ይሸተዋል፤ ስንዴ አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል። ዱቄቱም ይሸታል፤ ዱቄቱን የገዛ ዳቦ ጋጋሪም ይጮኻል። ከዚያ በኋላ የትኛው መኪና እንዳመጣው ለማወቅ አፍንጫ አያስፈልግም። ዛሬ በር ላይ ብትመለስ የምታጣው የዓመቱን ስንዴ ነው። ዳቦ ቤት ድረስ ዓሣ ብታደርስ ግን የምታጣው ስሟን ነው፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ድርጅት የለውም፣ ስሙ ነው ድርጅቱ። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ በዓሣ መሸነፍ አናደዳት።

ጋቢና ገብታ ሞተሩን አስነሳች።

"ወዴት ነው?" አለ ጥሩምባ። "ኧረ ይቺ ሴት! ተራዋን ጥላ ሄደች እኮ! እብድ!"

"አፍንጫህን ላስ!" አለችውና መሪዋን አዞረች።

ውሃ ሽታን ያስተኛል እንጂ አይነቅልም። ይህን ያወቀችው አሸዋ ስትጭን በኖረችባቸው ዓመታት ነው፤ ደረቅና ሻካራ አሸዋ ጭና ኮረኮንች ላይ ከነዳች በኋላ የካሶኒዋ ወለል ሁልጊዜ መስተዋት መስሎ ነው የሚወጣው። ከፋብሪካው በታች ባለው መንገድ ላይ ሕንፃ የሚሠራ አንድ ግንበኛ ታውቃለች። አሸዋውን በስተጀርባ ስላራገፉለት ሠራተኞቹ በጋሪ ሲመላለሱ ይውላሉ።

"አሸዋህን ዞሬ በፊት ለፊት በኩል ላምጣልህ" አለችው ሳትወርድ። "ዋጋ የለውም። ሰዎችህ ይጫኑልኝ ብቻ።"

ግንበኛው ከላይ እስከ ታች አያት። "ታመሻል?"

"ቸኩያለሁ።"

"አይ፣ የሆነ ነገርማ አለ። በነፃ የሚጭን ሹፌር በዕድሜዬ አላየሁም።"

"አሁን አየህ። በል ቶሎ በል።"

አሸዋው ተጫነ። አጭሩን መንገድ ትታ በኮረኮንቹ ዞረች፤ ጉድጓድ ባየች ቁጥር እንደ ሌላው ቀን አልሸሸችውም፣ ፈልጋ ገባችበት። ከኋላዋ አሸዋው ብረቱን ሲፍቅ ይሰማታል። አራግፋ፣ በመጥረጊያ ጠራርጋ፣ ሸራውንም ገልብጣ ከደበደበች በኋላ ፀጉሯ ውስጥ ሳይቀር አሸዋ ይዛ ወደ ፋብሪካው ተመለሰች።

ሰልፉ ጠዋት ከተወችበት ቦታ አንዲት ጋት አልተነቃነቀም፤ ከጥሩምባ ኋላ ያለው ቦታዋም ባዶውን ጠበቃት። የሠርጉ ሰዎች ለቀስተኛ መስለዋል።

"ምን ተፈጠረ?" አለች።

"እምቢ አለ!" አለ ጥሩምባ። "'አፍንጫዬ ሳይከፈት አንድ መኪና አላሳልፍም' ብሎ ሎሚ ጠብ ያለበት ሙቅ ውሃ ይዞ ቁጭ ብሏል። ሰው እንዴት በጉንፋኑ ይኮራል?"

በዚህ መሐል አፍንጫ ራሱ ከጥበቃው ክፍል ወጣ። ሸምገል ያለ፣ ቀጭን ሰው ነው፤ ዐይኖቹ ቀልተዋል፣ አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሟል። ከሰልፉ መጀመሪያ ተነስቶ ሹፌሮቹን አንድ በአንድ እየጠየቀ መጣ።

"መጨረሻ የጫንከው ምንድን ነው?"

"ስንዴ።"

"አንተስ?"

"ስንዴ ነው ጋሼ።"

"አንተ?"

"ስንዴ! ምን ሌላ ነገር አለ?" አለ ጥሩምባ፣ ከሁሉም አስበልጦ እየጮኸ።

"በዚህ አገር ስንዴ እንዲህ ሞልቶ እኛ ምን ሆነን ነው የምንለምነው?" አለ አፍንጫ፣ በተዘጋ ድምፁ። ቀብራራዋ ጋር ደረሰ። "አንቺም ስንዴ ነዋ?"

ውሸት ለእሷ አድካሚ ነገር ነው፤ ለማን ምን እንዳለች ማስታወስ ጊዜ ይፈጃል። "አሸዋ ነው" አለች።

"ከአሸዋው በፊት?"

"የተፈጨ ዓሣ።"

ጥሩምባ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

አፍንጫ ጥቂት አያት። ከዚያ መሰላሉን ያዘ። "ነይ ግቢ።"

ውስጥ ሸራው ሲዘጋ ጨለመ። ብረቱ እሳት ሆኗል። ሰውዬው ከጋቢናው በኩል ተቀመጠ፤ እሷ ፊት ለፊቱ። የተዘጋ አፍንጫው ያፏጫል።

"እኔ ምንም አይሸተኝም" አለ በመጨረሻ። "ጭስ ውስጥ ብትከቺኝም አይሸተኝ። አንቺ አሽትቺልኝ።"

"በገዛ መኪናዬ?"

"ዓሣ ጫንኩ ያልሽኝ በገዛ መኪናሽ አይደል እንዴ? ቀጥዪ።"

ዐይኗን ጨፍና ሳበች። አቧራ፣ የጋለ ብረት፣ የሸራ ሽታ። "ንጹሕ ነው" ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ያኔ መጣ። ከወለሉም ከግድግዳውም አይደለም፤ ከእግሯ ሥር፣ ቀጭን ሆኖ፣ እንደ ክር። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ክቡ እዚያው በሰውዬው ኪስ ውስጥ ነው፤ ምንም የሚያግዳት የለም። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ያንን ዓሣ ስታሳድድ ውላለች፤ አሁን ጅራቱን ይዛ ልትለቀው ነው?

"አለ" አለች።

"የት?"

በእጅና በእግሯ እየዳኸች ሄደች። የኋላው በር ጋ ስትደርስ በረታባት። በሩ ከወለሉ ጋር የሚገጥምበትን፣ ጥሬ እንዳይፈስ የሚከለክለውን የማሸጊያ ጎማ በጣቷ ዳሰሰችው። ብረቱን አሸዋው ፍቆታል። ጎማው ግን ለስላሳ ነው፤ ዓሣው ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ተደላድሎ ተቀምጧል፣ አሸዋውም በላዩ ላይ አልፎ ሄዷል።

"ጎማው ነው! ይሄ ውሻ ጎማ!" ብላ ጮኸች። ሸራውን ወዲያ ገፍታ ዘላ ወረደች፤ ጋቢና ገብታ ካቻቢቴ ይዛ ተመለሰች። ጎማውን ከጫፍ ነቅላ፣ በእግሯ በሩን ረግጣ፣ እንደ አንጀት እየጎተተች አወጣችው። ሹፌሮቹ ተሰብስበዋል። ጥሩምባ ጎንበስ ብሎ አሸተተውና ወደ ኋላ ዘለለ።

"ኧረ በሕግ! ይሄማ ገና ይዋኛል!"

ከወንበሯ ኋላ የምታስቀምጠውን አሮጌ የጎማ ካላማዳሪ በቢላ ሸንሽና በቦታው አስገባችው። ከዚያ ሳትጠየቅ ሸራውን ዘግታ ተመልሳ ገባችና ቁጭ አለች። አፍንጫ እስካሁን ከተቀመጠበት አልተነሳም።

"አሁንስ?"

ደጋግማ ሳበች። "የእርስዎ ሎሚ ብቻ" አለች።

ሰውዬው ሲስቅ ሳል ያዘው። ወርዶ፣ ፎጣውን አስተካክሎ፣ የጋቢናዋ በር ላይ ክቡን ሳለ። ሳሉ ገና ስላልለቀቀው ከክብ ይልቅ ድንች ይመስል ነበር። ቀብራራዋ ግን እንደዚያ የሚያምር ነገር አላየችም።

"ነይ እንግዲህ፣ የቀሩትንም አሽትቺልኝ" አላት። "ጉንፋኔ እስኪለቀኝ እጅ ትሆኚኛለሽ።"

"አይሆንም ጋሼ። የምጭነው ስንዴ አለኝ።"

"አንድ ብቻ። ይሄንን ብቻ" አለ፣ በአገጩ የጥሩምባን መኪና እያሳየ።

ቀብራራዋ ጥሩምባን አየችው። ጥሩምባ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። እጇን መሰላሉ ላይ አድርጋ አንድ እግሯን አነሳች።

"ራስህ ትነግረዋለህ ወይስ ልግባ?"

"እህቴ..." አለ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎረቤት መኪና በላይ አልተሰማም። "እህትነትሽ የት አለ?"

"እህትነቴማ ይኸው፣ እየጠየቅኩህ ነው።"

ጥሩምባ አንገቱን አከከ። "ጋሼ፣ መጨረሻ የጫንኩት... ትንሽ ቆዳ ነገር ነበረችበት።"

"ታች ያለው ግንበኛ ገና የሚጓጓዝ አሸዋ አለው" አለችው ቀብራራዋ፣ ከመሰላሉ እየወረደች። "በኮረኮንቹ ዙር። የበርህን ጎማ ደሞ እንዳትረሳ፤ እሱን ሳትቀይር ብትመለስ እኔ ነኝ የምገባልህ።"

ጋቢናዋ ገብታ ከሰልፉ ወጥታ ወደ በሩ ቀድማ ስታልፍ ከኋላዋ የሌላ መኪና ሞተር ተነሳ። ቀጥሎ ሌላ። በመስታወቱ ስታይ፣ መጨረሻ የጫኑት ስንዴ ነው ያሉት ሹፌሮች አንድ በአንድ ከሰልፉ እየወጡ፣ ሳይተያዩ፣ ወደ ታች ወደ አሸዋው መንገድ እየታጠፉ ነበር። አፍንጫ ባዶ በቀረው ሰልፍ መሐል ቆሞ በኃይል አነጠሰ።

ጥበቃው በሩን ከፈተላት። ቀብራራዋ ማርሽ አስገብታ ወደ ስንዴው ጎተራ ነዳች፤ ክቡ እንዳይሰረዝባትም ያን ቀን ክንዷን በመስኮት አላወጣችም።