ቢጫዋ ኪዮስክ

ሐዳሳ ባጃጁ በደንብ ሳይቆም ወረደች። መጋረጃ ስትሰፋበት የነበረው ክር ቀሚሷ ላይ እንደተጣበቀ፣ የመለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ በጠባቡ መታጠፊያ ወደ ዓሣ ገበያው ሮጠች።

ጋሽ ኃይለሚካኤል ሐይቁን ፊት ለፊት እያዩ አግዳሚው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። አጠገባቸው፣ አባቷ ሁልጊዜ በሚቀመጡበት በኩል፣ ኮፍያቸውን አስቀምጠዋል።

«አባዬ አልመጣም?»

«እኔም እሱኑ እየጠበቅሁ ነው። ቦታውን እንኳ ይዤለታለሁ» አሉና ፊቷን ሲያዩ ፈገግታቸው ጠፋ። «ምነው ልጄ?»

«ጠዋት ከሰፈር ባጃጅ ሲሳፈር ጎረቤት አይታዋለች። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ስልኩን ትራሱ ሥር ትቶት ነው የወጣው።»

አባቷ አቶ አምሳሉ፣ ሀዋሳ በጋሪ በሚኬድባት ዘመን ባለጋሪ ነበሩ። እንግዳው ማረፊያውን፣ ሙሽራው ቤተ ክርስቲያኑን፣ በሽተኛው ሐኪም ቤቱን ያገኘው በእሳቸው ጋሪ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን መንገዱ እየተምታታባቸው መጥቷል። አንድ ቀን የሰው ግቢ ገብተው፣ የራሳቸው ቤት መስሏቸው፣ በረንዳ ላይ ቁልፍ ሲጠብቁ ተገኙ። ሌላ ቀን ደግሞ መናኸሪያ ውስጥ፣ ሊነሣ በተዘጋጀ አውቶቡስ ላይ ተቀምጠው ነበር። ያን ጊዜ ዲላ የሚኖረው ወንድሟ አልአዛር ቁርጡን ነገራት። «አንድ ጊዜ ደግሞ ከጠፋ፣ በቀጣዩ ቅዳሜ መኪና ይዤ መጥቼ እወስደዋለሁ። የኔ ግቢ አጥርም ዘበኛም አለው።» እሷም እሺ ብላለች። ግቢው ጥሩ ግቢ ነው። ሐይቅ ግን የለውም፣ ጋሽ ኃይለሚካኤልም የሉበትም።

ዛሬ ምሳ ልታበላቸው ታቦር ሰፈር ወዳለው ቤቷ ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ጠበቃት። መጀመሪያ የደወለችው ለአልአዛር ነበር። አሁን በዚያ ተጸጽታለች።

ከዓሣ ገበያው ወጥታ የመስመሩ መጨረሻ ወደሆነው ባጃጅ ተራ ሄደች። ተራ አስከባሪው ሙሉዓለም አንዱን ሹፌር ወደፊት ግባ እያለ ይጨቃጨቃል።

«ወንድሜ፣ አባቴን ፈልጌ ነው። ግራጫ ኮት የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ…»

«አባባ ጋሪ?»

«ታውቃቸዋለህ?»

«ማን የማያውቃቸው አለ? ፍሬን በያዝን ቁጥር ‹ቀስ በል፣ ፈረሱን አታስደንግጠው› የሚሉን እሳቸው አይደሉ?» ዞር ብሎ ተራ የያዙትን ሹፌሮች ጠየቀ። «አባባ ጋሪን ያያችሁ አላችሁ?»

«ከመክብብ ጋር ናቸው» አለ አንዱ ከመቀመጫው ሳይነሣ። «ከጠዋት ጀምሮ ረዳት ሆነውለታል።»

ሌሎቹ ሳቁ። ሐዳሳ አልሳቀችም።

«እንዴት ከጠዋት ጀምሮ?»

«አይወርዱማ። እስከ ታቦር ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። አየር እየተቀበሉ መስሎን ተውናቸው።»

ብዙ ሳይቆይ የመክብብ ባጃጅ መጣ። ከኋላ ከተቀመጡት ሁለቱ ወረዱ። አቶ አምሳሉ ግን ከዘራቸውን በጉልበቶቻቸው መሃል አቁመው፣ አንገታቸውን ወደ ውጭ አስግገው ጥጉ ላይ ቀሩ። የሆነ ነገር እንዳያመልጣቸው የሚጠባበቁ ይመስላሉ።

መክብብ ሐዳሳን ወደ ጎን ወሰዳት። «ልጃቸው ነሽ? እንኳን መጣሽልኝ። የት እንደሚወርዱ ስጠይቃቸው ‹ስደርስ እነግርሃለሁ› ነው የሚሉኝ። ደጋግሜ ብጠይቅ የሚቀየሙኝ መሰለኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ሳምቡሳ ገዛሁላቸው።»

«ለፖሊስ አትነግርም ነበር?»

«ምን ብዬ? ሰውዬው ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠዋል ብዬ?»

 ሐዳሳ ከቤት እስከዚህ ድረስ ስታዘጋጀው የመጣችውን ቁጣ እንደያዘች ሄዳ ከአባቷ ጎን ገባች። እሳቸው ለማያውቁት ሰው እንደሚደረገው የኮታቸውን ጫፍ ሰብስበው ጠጋ አሉላት። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት።

«ሐዳሳ? ሥራ የለሽም እንዴ?»

ቁጣውን ዋጠችው። «ቀደም ብዬ ወጣሁ። አንተስ ወዴት ነህ?»

የሹፌሩ ወንበር ባዶ መሆኑን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያቺ ቢጫ ኪዮስክ አልመጣችልኝም።»

ሐዳሳ ወዲያው ገባት። ወደ ዓሣ ገበያው መታጠፊያ ላይ ብስኩትና የስልክ ካርድ የሚሸጥባት ቢጫ ኪዮስክ ነበረች። አባቷ ለዓመታት እሷን ሲያዩ ነበር «ወራጅ አለ» የሚሉት።

«ተነሥታለች እኮ አባዬ። መንገዱ ሊሰፋ ነው ብለው ባለፈው ሳምንት አነሧት። ቦታው አሁን ጠጠር ብቻ ነው።»

«ተነሥታለች?»

«አዎ።»

ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አባቷ ሲስቁ ድምፅ የላቸውም። «እኔ ደግሞ የፈረሰው የኔ ጭንቅላት መስሎኝ።»

«ታዲያ ሹፌሩን አትጠይቀውም?»

«ይህን ከተማ ለስንቱ እንግዳ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ዛሬ አንዱን ጎረምሳ ‹የት ነው ያለሁት?› ልበለው?»

ነገሩ ሁሉ በአንዲት ኪዮስክ የመጣ ቢሆን እንዴት ደስ ባላት። ዓሣ በፌስታል የያዘች ሴት ልትሳፈር ስትቀርብ ግን አባቷ ክንዷን ነካ አደረጓት። «ነይ የሺ፣ ጠጋ በይ፤ ሰው ይግባ።»

የሺ እናቷ ናት። ከሞተች ቆይታለች።

ሐዳሳ አላረመቻቸውም። ጠጋ አለች።

መክብብ ገብቶ ሞተሩን ሲያስነሣ «አባዬ፣ አዲስ ምልክት ምረጥ» አለቻቸው። «ማንም የማያነሣው ይሁን።»

አቶ አምሳሉ አሰብ አደረጉ። «ከመታጠፊያው ማዶ ያለው ዋርካ። ዳማ ፈረሴ እዚያ ስትደርስ ሳልነግራት ጥላው ሥር ትቆም ነበር።»

«እኔ ፈረስ አይደለሁም አባባ» አለ መክብብ ወደፊት እያየ። «እርስዎ ወራጅ ካላሉኝ አልቆምም። ለሌሎቹም ዋርካውን እነግራቸዋለሁ።»

ባጃጁ ወደ ከተማው አቅጣጫ ዞሮ ተንቀሳቀሰ። በሐዳሳ ቦርሳ ውስጥ ስልኩ መጮህ ጀመረ። አልአዛር እንደሆነ ሳታየው አውቃለች፤ ተወችው። ዋርካው ከሩቅ ታየ። አባቷ የኪዮስኳን ባዶ ቦታ፣ የተቆለለውን ጠጠር እያዩ ነው። ቃሉ ምላሷ ላይ ደረሰ፤ ከንፈሯን ገጥማ ያዘችው። መክብብ በመስታወቱ አያቸውና ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ደግሞም ቀነሰ።

«ምን ሆንክ ሹፌር፣ ገፍተን እንውሰድህ?» አለች ባለዓሣዋ።

 የዋርካው ጥላ በባጃጁ አፍንጫ ላይ ወደቀ። አቶ አምሳሉ ፊታቸውን ከጠጠሩ ወደ ዛፉ መለሱ፣ ጥቂት አዩት። ከዚያም ከዘራቸውን አንሥተው ብረቱን ኳ አደረጉ።

«ወራጅ አለ።»

መክብብ ቆመ።

ከወረዱ በኋላ አባቷ አልጠበቋትም፤ መንገዱን ተሻግረው በመታጠፊያው ወደ ሐይቁ ቀደሟት። ከታች ጋሽ ኃይለሚካኤል ከአግዳሚው ላይ ኮፍያቸውን ሲያነሡ ይታያሉ። ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«አገኘሽው?» አለ አልአዛር። «ቅዳሜን ልጠብቅ ወይስ አሁኑኑ ልነሣ?»

«አግኝቼዋለሁ። ለመውሰድ ከሆነ አትምጣ።»

«ሐዳሳ፣ ተነጋግረን ነበር እኮ።»

አባቷ ተቀምጠዋል። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድነት አንድ ነገር ላይ እየሳቁ ነው፤ የአባቷ ትከሻ ከዚህም ይታያታል።

«እሺ፣ ቅዳሜ ና» አለችው። «ግን መኪናህን ግቢ ታቆምና አብረኸው በባጃጅ ትሄዳለህ። የት እንደምትወርድ እሱ ይነግርሃል።»