ሊብሬው ንጹሕ ነው

ነጋዴው ታደሰ ቀዩን መኪናውን ሊሸጥ ነው የተባለ ቀን ኃይሉ የጀመረውን ምሳ አልጨረሰም። ባለ ሁለት በር፣ ጣሪያው ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ የጃንሆይ ዘመን የጣሊያን ስፖርት መኪና ነው። ጭሮ ውስጥ እንደሱ ያለ ሌላ የለም። አሁን ግን ተገልብጦ የተነሣ ነው። የታደሰ ልጅ ዳግማዊ ወደ ሚኤሶ ሲወርድ ጠመዝማዛው ላይ ገለበጠው። እሱ ቁስሉ ሳይደርቅ ውጭ አገር ተላከ፣ መኪናው ኢዘዲን ጋራዥ ገባ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ኃይሉ የጭነት መኪና ረዳት ሳለ፣ ማሚቱን ሲያገባ፣ ታደሰ ይህንኑ መኪና ለሙሽራዋ ሊያውሰው በሰው ፊት ቃል ገብቶለት ነበር። በሠርጉ ጠዋት ግን ዘበኛውን ላከበት፦ «የረዳት ሠርግ ወንበር ያቆሽሻል ብለዋል።» ማሚቱ በነጭ ቀሚሷ ሽንኩርት አራግፎ በመጣ አይሱዙ ሄደች። እንግዳው ሳቀ። ኃይሉም ምን ያድርግ፣ አብሮ ሳቀ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሯል።

አሁን ልጁ ሮዳስ ሚኤሶ ልትዳር ነው። በምን እንድትሄድ እንደተመኘ መናገርም አያሻም።

ታደሰ ብር አልጠየቀም። «ባጃጅህን አምጣና መኪናውን ውሰድ፤ ለሠራተኞቼ መላላኪያ ትሆናለች» አለው።

«አንተ ሰውዬ» አለች ማሚቱ፣ «ያበላችን እኮ ባጃጇ ናት! ያ ነገር ሰው ይጭናል? ሁለት ወንበር! ሠርጉ ካለፈስ ምን ልትሠራበት ነው፣ ልትስመው?»

«ልስመው።»

ሮዳስም «አባዬ፣ የሙሽራው ጓደኞች ነጭ መኪና አግኝተዋል፤ አትቸገር» አለችው። እሱ ግን «አትችልም» ያለችው መሰለው።

ኢዘዲን ጋራዥ ሄደ። ኢዘዲን ከኪሱ ማግኔት አውጥቶ በሩ ላይ ቢለጥፈው ማግኔቱ መሬት ወደቀ።

«አየህ ጋሼ? የተደገፍከው ስቱኮ ነው እንጂ ላሜራ አይደለም። ሻንሲው መሃሉ ላይ ተሰንጥቆ ነበር፣ እኔው ነኝ የበየድኩት። ጉድጓድ ከገባህ ወላሂ ፊቱ ሚኤሶ ይደርሳል፣ ኋላው እዚህ ይቀራል። መለዋወጫ ካልክ ደግሞ የሠራው ጣሊያን ከመቃብር ይነሣ።»

«ፍሬኑስ?»

«ይይዛል። የሚይዘው ግን ደስ ሲለው ነው።»

«ተወኝ ባክህ» አለ ኃይሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስባሪ ነው የደረሰኝ። ይኸኛው እንኳ ያማረ ስባሪ ነው።»

ኢዘዲን እጁን በቡቱቶ እየጠረገ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የብረቱን ነገርኩህ። ያኛውስ ነገር አልቋል ወይ? አቶ ታደሰን ጠይቀሃል?»

«ሊብሬው ንጹሕ ነው!» ጮኸበት ኃይሉ። «እገዳ የለበት፣ ክስ የለበት። ከስምንተኛ ክፍል ብቀርም ማንበብ አያቅተኝም። ደግሞ አንተም ልትንቀኝ ነው?»

«እሺ በቃ፣ ኸይር ያድርገው» ብሎ ኢዘዲን ወደ ሥራው ዞረ።

ስሙ ሲዛወር ታደሰ ከገዢው ይልቅ ቸኮለ። ቁልፉን ሲያስረክብ ደግሞ በሁለት እጁ ጨበጠው። ኃይሉ ክብር መሰለው።

ሠርጉ ሲቃረብ፣ መንገዱን ልልመደው ብሎ ጣሪያውን አጥፎ ወደ ሚኤሶ ወረደ። ነፋሱ ፊቱን ሲመታው፣ የጭነት መኪኖች ክላክስ ሲያደርጉለት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማንም መልስ የመስጠት ዕዳ እንደሌለበት ተሰማው። ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ አንዲት ሴት ጮኸች። ከማሽላው ውስጥ ሰዎች ወጥተው አስፋልቱን ሞሉት። ፍሬኑ የዚያን ቀን ያዘ።

ዓሊዩ የሚባሉ ሽማግሌ በሩን ከፈቱለት። «አሰላሙ አለይኩም። ውረድ ልጄ፣ ማንም አይነካህም። ይህ መኪና እዚህ ቦታ ላይ ሰው ገድሏል። የዚህችን ሴት ልጅ፣ አብዱናስርን፤ አህያውን እየነዳ ሳለ። ነጂው ሳይቆም ሸሸ፣ ከታች ሄዶ ተገለበጠ። ጉማው፣ የደም ካሣው፣ እስከ ዛሬ አልተፈጸመም፤ ደሙ አልታረቀም።»

«ያኔ የታደሰ ነበር! እሱን አትጠይቁም?»

«ስንሄድ በር ይዘጋብን ነበር። አሁን ግን ላከብን። ‹ሸጬዋለሁ፤ ባለቤቱን ጠይቁ› አለ። በማን ስም ነው?»

ኃይሉ ኪሱ ውስጥ ያለውን ሊብሬ ዳሰሰ።

«እኛ ነጂውን አላየንም፤ ስንደርስ አንሥተው ወስደውታል» አሉ ዓሊዩ። «ያየነው መኪናውን ነው። ባለቤቱ ደሙን ተቀብሎ ‹እኔ ነኝ› ብሎ ካልመጣ እርቅ አንቀመጥም። ሳንታረቅ ደግሞ እሱም ቤተሰቡም በዚህ መንገድ አያልፉም። አባቶቻችን ያቆዩን ይህንን ነው።»

«ልጄ ሙሽራ ናት! በዚህ ነው የምታልፈው!»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።»

ኃይሉ መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየ። ባጃጇ ሄዳለች። ሮዳስ በነጭ ቀሚሷ ከዚህ ቦታ ስትመለስ፣ እንግዳው ሁሉ እየተያየ፣ ታደሰ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ወሬውን ሲሰማ ታየው። እነዚያ የጨበጡት ሁለት እጆች ምን እንዳሸከሙት ገባው። የመኪናውን በር ያዘ።

«እኔ ነኝ» አለ።

የሟች እናት ቀረበችው። አላለቀሰችም። ፊቱን እንደ ዕቃ እያገላበጠች አየችውና በኦሮምኛ ጠየቀችው፦ «ሲወድቅ ስሜን ጠርቶ ነበር?»

የዳግማዊ ስም፣ የታደሰ ስም፣ የዚያ ሁሉ ዘመን ቂም ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። ሴትዮዋ ትጠብቃለች። ሽማግሌዎቹም ይጠብቃሉ። ዋጠው።

«አልሰማሁም፣ እናቴ» አላት። «አልቆምኩም።»