ቀኙን እይልኝ

ሶኬት የሚለውን ስም ያወጡለት የሠፈሩ ጎረምሶች ናቸው። አልተሳሳቱም፤ ሥራው መሰካትና መንቀል ነው። የአማቱ ትራክተር ከኋላው ያለው የዘይት መሰኪያ አንድ ጥንድ ብቻ ሲሆን፣ የሚጎትተው ባለክንፍ የሣር ማጨጃ ግን ሁለት ጥንድ ይፈልጋል፤ አንዱ ክንፎቹን ለማጠፍና ለመዘርጋት፣ ሌላው ማጨጃውን ከመሬት ብድግ ለማድረግ። ታዲያ ምን ይደረጋል? አንድ ሰው ወርዶ ይነቅላላ! የሚያጭዱት የማዘጋጃ ቤቱን ሜዳዎች ነው፤ ሜዳ ሲገቡ ይነቅላል፣ ይሰካል። ሜዳ ሲወጡ ይነቅላል፣ ይሰካል። ሰው ተምሮ፣ ጢም አብቅሎ፣ ሚስት አግብቶ ለዚህ! ካገባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሦስቱንም ዓመት ያሳለፈው እንዲህ ነው።

መሪውን ደግሞ አንድ ቀን አስነክተውት አያውቁም። ገና ሙሽራ ሳለ አንዴ ደፍሮ ቢጠይቃቸው፣ «ልጄን ሰጥቼሃለሁ፤ መሪውንም ልጨምርልህ?» ብለው ሰው ፊት አሳቁበት። ከዚያ ወዲህ ከሾፌሩ በስተግራ ባለችው ትንሽ መቀመጫ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ይቀመጣል። ቀኑን ሙሉ የሚሰማው አንድ ነገር ነው፤ «ቀኙን እይልኝ!» በር ላይ ቀኙን እይልኝ። ምሰሶ አጠገብ ቀኙን እይልኝ። ማታ ማታ ለሚስቱ ያማርራል፤ «መስታወት አላቸው፣ ዓይን አላቸው፤ አባትሽ ሰው ካላዘዙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም» ይላታል። እሷም ትስቃለች። እንዲያውም ጨው አቀብለኝ ማለት ስትፈልግ «ቀኙን እይልኝ» ማለት ጀምራለች።

ዛሬ ግን የመጨረሻው ቀን ነው። የሚኖሩት ከትራክተሩ መጠለያ ጋር ግድግዳ በሚጋራ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ብርጭቆው ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ አማቱም ሳያንኳኩ ገብተው «ለካ ተኝታችኋል?» ይላሉ። አሁን ግን ሶኬት ሌላ ከተማ፣ ጋራዥ ውስጥ ሥራ አግኝቷል። የራሱ በር ያለው ቤትም ተከራይተዋል። አከራይዋ ደግሞ «ዛሬ ካልገባችሁ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» ብላ ቁርጡን ነግራቸዋለች። ሚስቱ ሻንጣውን ሸክፋ ጨርሳለች። ጠዋት በር ላይ ይዛው፣ «ዛሬ ትነግረዋለህ። አንተ ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ፤ እኔ ስነግረው ደግሞ ታውቀኛለህ» አለችው። በደንብ ያውቃታል።

ሜዳው ላይ እነግራቸዋለሁ ብሎ ነበር። ቃሉ ጉሮሮው ድረስ እየመጣ ይመለሳል፤ «እህ... እህ...» እያለ ዋለ። አጭደው ሲጨርሱ ክንፎቹ ታጠፉ። ወርዶ የክንፉን ቧንቧዎች ነቀለና የማንሻውን ሰካ። ከዚህ በኋላ የሚቀረው፣ ክንፎቹ መንገድ ላይ እንዳይወድቁ ግራና ቀኝ የብረት ፒን መክተት ነው። በተለይ የቀኙ ዘይት ስለሚያፈስ ያለ ፒን አይታመንም። የግራውን ከተተ። ወደ ቀኙ ሲዞር «አባባ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት» እያለ ይለማመድ ጀመር። አማቱ ጡሩምባውን ነፉ። ሶኬት ደንግጦ ሮጦ ተሳፈረ።

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ በሁለት መጋዘኖች መካከል ያልፋል። ትራክተሩ ሲገባ ግራና ቀኝ የሚተርፈው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ከኋላ ብረት ከግንብ ጋር ሲፋጭ ተሰማ።

«ምን ሆነ ይሄ ደግሞ?» አሉ አማቱ፣ ወደፊት እንዳፈጠጡ።

ሶኬት አንገቱን አስግጎ በቀኙ መስታወት ውስጥ አየ። የቀኙ ክንፍ ቀስ በቀስ ዘምሞ ግንቡ ላይ ተኝቷል፤ ጠርዙም ከአንድ የውሃ መውረጃ ቱቦ ጀርባ ገብቶ ተሰንቅሯል። ወደፊት ቢሄዱ ቱቦው ይነቀላል፤ ወደኋላ ቢሉ ክንፉ ይሰበራል። የግራውን በር ገፋ ቢያደርገው ግንቡን መታ። የቀኙም ያው ነው። እጁን ኪሱ ቢከት ፒኑን አገኘው።

«አባባ... የቀኙ ፒን ኪሴ ውስጥ ነው።»

ሽማግሌው ዞረው ኪሱን አዩት። «ኪስህ እንዳይወድቅ ብለህ ነው?»

መውጫ የሚባል ነገር ቢኖር የኋላው መስኮት ብቻ ነው። መሰኪያዎቹም ከሥሩ ናቸው። ሶኬት በሆዱ ተኝቶ ወገቡ ድረስ ወጣ፤ አማቱ ቀበቶውን ያዙለት። የማንሻውን ቧንቧዎች ነቀለ። ከክንፉ ቧንቧዎች አንደኛው ቀጭ ብሎ ገባ። ሁለተኛው ግን እንቢ አለ። ፀሐይ ላይ የዋለ ቧንቧ እንዲህ ነው፤ ዘይቱ ውስጥ ለውስጥ ያብጥና መሄጃ ሲያጣ ጫፉ ድንጋይ ይሆናል። ገፋው፣ ተሳደበ፣ ለመነው። «ሞተሩን ያጥፉልኝ! የዘይቱን እጀታ ወዲያ ወዲህ ይበሉት!» ቢልም አልሆነም። ዘይቱን ለማስተንፈስ የቧንቧውን ብሎን በመፍቻ ላላ ማድረግ ግድ ሆነ።

ወደ ውስጥ ተመልሶ በሾፌሩ መቀመጫ በስተቀኝ ተሸጉጦ መፍቻውን ፈለገና አወጣ። ጨርቅም አብሮ አገኘ።

«ይህን ይያዙልኝ፣ ስፈልግ ያቀብሉኛል» ብሎ ጨርቁን ወደ አማቱ ዘረጋ።

«እሺ፣ ስጠኝ» አሉ፣ ወደፊት እያዩ።

«ይኸው።»

«የታለ? ስጠኝ እንጂ!»

ጨርቁ ቀኝ ጉንጫቸው ሥር ነው። ሶኬት የሚያሾፉበት መሰለው። ሊነካቸው እስኪደርስ አስጠጋው። ሽማግሌው ወደ ባዶው እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። በኋላ አንገታቸውን ሙሉ በሙሉ ሲያዞሩ ጨርቁን አፍንጫቸው ላይ አገኙትና ክው አሉ።

የትራክተሩ ውስጥ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ሶኬት ያን ጊዜ ነው ብዙ ነገር የተገለጠለት። ሰውዬው ድሮ ሲምሉ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ነበር የሚሉት፤ አሁን አሁን በልጃቸው ሞት ብቻ ነው የሚምሉት።

«አባባ፣ ቀኝ ዓይንዎ...»

«ዝም በል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሠርጋችሁ ትንሽ ቀደም ብሎ። ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል።»

«ሰው ቢገጩስ?» ሶኬት በንዴት ጮኸ። «ሕፃን ቢገባብዎስ?»

«አንተ አለህ አይደል እንዴ?» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «ቀኜ አንተ ነህ።»

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ሲታዘዝ የኖረ የመሰለው ሰው ለካ ዓይን ሆኖ ነው የኖረው። ዓይን ደግሞ ጓዙን ጠቅልሎ ሌላ ከተማ አይሄድም!

«ማዘጋጃ ቤት ከሰማ ሥራውን ነገ ይነጥቁኛል። ልጄም እንዳትሰማ» አሉ ሽማግሌው። «ታለቅሳለች፤ የሷን ዕንባ አልችልም። ማልልኝ።»

«ለሷ እንኳ...»

«ማልልኝ ብዬሃለሁ!»

በሩ በማይከፈት ትራክተር ውስጥ ሰው ወዴት ይሸሻል? «ብናገር የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ» አለ ሶኬት።

ሽማግሌው ተነፈሱ። «አንተስ ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሮህን ስትጠራርግ ነው የዋልከው። ምን ልትለኝ ነበር?» ብለው ጠየቁት።

«ምንም» አለ ሶኬት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ተመልሶ በመስኮቱ ወጣ። ብሎኑን ላላ ሲያደርገው ትኩስ ዘይት ፊቱ ላይ ተረጨ። ብሎኑን አጥብቆ ሲገፋው ቧንቧው ገባ። ሞተሩ ተነሳ። «ቀስ... ቀስ... አሁን ያንሱት!» ክንፉ ከቱቦው ጀርባ ተላቅቆ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሶኬት በመስኮቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ በማጨጃው ላይ ተንጠላጥሎ ተሻገረና ፒኑን ከተተ።

አሁን ከማጨጃው ኋላ ቆሟል። ከጀርባው መንገዱ ክፍት ነው። በዚያ በኩል ዞሮ ቤት መድረስ፣ ሻንጣውን አንስቶ ሚስቱን ይዞ መሄድ ይችላል። አንድ ሁለት እርምጃም ሄደ። ማን ያየዋል? እሳቸው እንደሆነ በቀኝ በኩል አያዩም። ይህን ማሰቡ ራሱ አሳፈረው።

«ልጄ» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ለስልሶ ሰምቶት አያውቅም። «ቀኙ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ አባባ» አለና በመጣበት ተመለሰ።

የማንሻውን ቧንቧዎች መልሶ ሰክቶ በመስኮቱ ሲገባ ሽማግሌው ትንሿ መቀመጫ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል።

«ንዳ» አሉት። «ልጄን ሰጥቼሃለሁ፤ መሪው ብቻ ነበር የቀረው።»

መቀመጫው ገና በሳቸው ገላ እንደሞቀ ነው። ሦስት ዓመት የተመኘው መሪ ይኸው እጁ ገባ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ አላለውም። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት እንዲህ ነው፤ ከዳር ወደ መሐል መጣ እንጂ የትም አልሄደም። ቢያለቅስም ሽማግሌው በግራው በኩል ስለተቀመጡ፣ ወደሱ የዞረው ያ የማያየው ቀኝ ዓይናቸው ነው።

ሚስቱ ግቢው በር ላይ ሻንጣውን ይዛ፣ ሻሿን አስራ ቆማለች። ባሏን ሾፌሩ ቦታ፣ አባቷን ትንሿ መቀመጫ ላይ ስታይ ፊቷ በራ። ነግሮታል፣ አባዬም መርቆታል ብላ ነው። በከንፈሯ ብቻ «ነገርከው?» አለችው፤ ሻንጣውንም ከፍ አድርጋ እየሳቀች አሳየችው።

አባቷ ወለሉን ወለሉን ያያሉ። ሶኬት መስኮቱን ከፈተ።

«ቀኙን እዪልኝ» አላት።

እየቀለደ መስሏት ልትስቅ ነበር። ከዚያ ዘይት የነካውን ፊቱን አየችው፤ አባቷንም አየች፤ እንደገና እሱን አየችው። ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠችና በቀኝ በኩል ሄዳ ቆመች፤ እጇንም አንስታ፣

«ና» አለችው።